«ብሩ ገብቷል» አሉኝ፤ ካሜራዬ ግን ሄደ!

ባለፈው ሳምንት የአማትና የምራትን ጉዳይ አንስተን ስንጨቃጨቅ ከረምን። በዚህ ሳምንት ደግሞ ወደ ገንዘብ ልንገባ ነው። የፍቅር ደብዳቤ የምትጠብቁ ትንሽ ታገሡኝ፤ የደረሰኝ ጉዳይ ለነገ የሚባል ሆኖ አላገኘሁትም። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። ነዋሪነቷ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ ነው። ስሜን እንዳትጠቅስ ብላ አደራ ስላለችኝ አልጠቅስም። ደብዳቤዋን ጥቂት አሳጥሬ እነሆ፦

«የምተዳደረው የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እያነሳሁ ነው። ካሜራዬን የገዛሁት ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥዬ ነው። እናቴ ስትታመምብኝ ካሜራውን ከነሁለት ሌንሱ ሸጬ ላሳክማት ወሰንኩ። ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥበት ቻናል አለ፤ ፎቶውን እዚያ ለጠፍኩና 165 ሺህ ብር አልኩ። ሰዉ ሁሉ እየደወለ መቶ ይሁን፣ መቶ አሥር ይሁን እያለ ሲያደክመኝ፣ አንድ ሰው ግን ብዙም ሳይከራከር ‹160 እሰጥሻለሁ› አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መገናኛ አንድ ካፌ ተቀጣጠርን።

«ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ወጣት ነው፤ ሌላው ነጠላ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው፣ ‹አጎቴ ነው› አለኝ። ማኪያቶ ጋበዙኝ። ልጁ ካሜራውን እያገላበጠ እንደ ባለሙያ ነው ያየው። ሙሉ ስሜንና የአካውንት ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ‹ይኸው፣ ላክሁልሽ› ሲል የኔም ስልክ ወዲያው ጢጥ አለ። ‹ውድ ደንበኛችን› ይላል። ስሜ አለ፣ የአካውንቴ መጨረሻ ቁጥሮች አሉ፣ 160,000.00 ብር ገቢ ሆኗል ይላል። እሱም ስልኩ ላይ ያለውን ደረሰኝ አሳየኝ። የኔን አካውንት ልየው ብዬ ስከፍት ኔትወርኩ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል... ሽማግሌው ቀና ብለው ‹ምነው ልጄ፣ አላመንሽንም እንዴ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽሽ?› አሉኝ። እንዴት እንዳፈርኩ አልነግርህም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ካሜራውን ሰጠኋቸው። ‹እናትሽን ይማርልሽ› ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው አካውንቴ ላይ ያለው ያው የድሮው 412 ብር ነው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ገንዘቡን እየጠበቀች ነው። ጥፋቱ የኔ ነው? ልንገራት ወይስ ልደብቃት?»

እህቴ፣ ከሁሉ ያንገበገበኝ ምርቃቱ ነው። ካሜራዋን ወስዶ «እናትሽን ይማርልሽ»! ወደ ጥያቄሽ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደተሠራ ልንገርሽ፤ ሌላውም አንባቢ ይስማ።

ጢጥ ብሎ የገባው መልእክት ከባንክ የመጣ አይደለም። ከአንድ ተራ ስልክ የተላከ ተራ የጽሑፍ መልእክት ነው። ጽሑፉ ከእውነተኛ የባንክ መልእክት ቃል በቃል ተገልብጦ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። የቀረው ስምሽንና የአካውንትሽን ቁጥር መሙላት ብቻ ነበር፤ እሱንም አንቺው ሰጠሻቸው። የላከውም ፊትሽ የተቀመጠው ልጅ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሻይ የሚጠጣ ሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። የመልእክቱን ራስጌ ብታዪው ኖሮ ምናልባት በ09 የሚጀምር የሰው ስልክ ቁጥር ታገኚ ነበር። የንግድ ባንክ መልእክት ላኪው በባንኩ ምህጻረ ቃል ነው የሚጻፈው፤ የቴሌብር መልእክት ደግሞ ከ127 ነው የሚመጣው።

ግን «ላኪውን አይቻለሁ» ብላችሁም እንዳትተኙ! የላኪን ስም አስመስሎ መላክም ይቻላል። እንዲህ ሲሆን የውሸቱ መልእክት ስልካችሁ ውስጥ ከባንኩ እውነተኛ መልእክቶች ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ ማን ይጠረጥረዋል? የገዢው ስልክ ላይ የሚታየው ደረሰኝም ያው ነው። የአንዱን ደረሰኝ ስክሪንሾት አንስቶ ስምና ቁጥር መቀየር ለዛሬ ልጅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የባንክ አፕ አስመስለው የተሠሩ፣ የፈለጉትን ቁጥር ሲጽፉባቸው «ተሳክቷል» ብለው የሚያበሩ የውሸት አፖችም አሉ። የጽሑፍ መልእክት ገንዘብ መጣ የሚል ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ይዋሻል።

ታዲያ ብሩ የት ነው የሚታየው? በራሳችሁ ሒሳብ ላይ፣ በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ እጅ ተከፍቶ! ሌላ ቦታ የለም። መልእክቱ ላይ ያለውን ሊንክ ተጭናችሁም አይደለም፤ ሊንኩም የነሱ ሊሆን ይችላላ። ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ቢሽከረከር ኢንተርኔት የማይፈልግ መንገድ አለ፤ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብን ማየት ይቻላል። ከቤት ሳትወጡ ደግሞ ያላችሁን ቀሪ ሒሳብ ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህች ልጅ 412 ብር እንዳላት ታውቅ ነበር። 160,412 እስክታይ ድረስ ካሜራው ከጭኗ መውረድ አልነበረበትም።

እሱም ባይሠራስ? ባይሠራ አይሸጥም። «ሲስተም ተጨናንቆ ነው፣ በኋላ ይገባል» ሲሏችሁ «እንግዲያው ዕቃውም በኋላ ይሄዳል» በሏቸው። አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅቷ እኮ ሞኝ አይደለችም! አካውንቷን ልታይ ስልኳን ከፍታ ነበር። የተሸነፈችው በቴክኖሎጂ ሳይሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አላመንሽንም እንዴ?» ሽማግሌው ለማኪያቶ አልመጡም። ሥራቸው ያቺን አንዲት ቃል በሰዓቷ መናገር ነው። ሌቦቹ የኛን ይሉኝታ ከኛ በላይ አጥንተውታል። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት «ቆይ ላጣራ» ለማለት እንደምታፍር ያውቃሉ።

እስኪ መርካቶን አስቡት። ነጋዴው ከገዛ ወንድሙ እጅ ብር ሲቀበል ይቆጥራል። ምራቁን እንትፍ እያለ ነው የሚቆጥረው! ጠርጣራ የሆነውን አንዷን ሁለት መቶ ብር ወደ ብርሃን አንስቶ ያያታል። ወንድሙም ቆሞ ያየዋል እንጂ «አላመንከኝም?» አይለውም። አባቶቻችን ብር ቆጥሮ መቀበልን ነውር ካላደረጉት፣ ስልክ ከፍቶ ማየት እንዴት ነውር ሆነ? ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ብር በስልክ መላክን ለምደናል፤ በስልክ የመጣን ብር መቁጠር ግን ገና አልለመድንም። እኔም ከማንም አልሻልም። አንድ ጊዜ አሮጌ ፍሪጄን የገዛኝ ሰው «ላክሁ» ሲለኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ «እሺ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ አስጫንኩለት። ደግነቱ ሰውየው እውነተኛ ሆነና ብሩ ገብቶ ተገኘ። ገብቶ ባይገኝ ኖሮ ይህን ዓምድ ዛሬ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር፤ እኔ ደብዳቤ ላኪ እሆን ነበር።

ይሉኝታ ለሚያስቸግራችሁ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ከመገናኘታችሁ በፊት፣ በስልክ ስትነጋገሩ «ብሩ ሒሳቤ ላይ ሲታይ ነው ዕቃውን የማስረክበው፤ ለሁሉም ገዢ እንዲህ ነው የማደርገው» ብላችሁ ተናገሩ። ቀድሞ የተባለ ነገር ፊት ለፊት አያሳፍርም። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ቀጠሮውን በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ አካውንት ያላችሁ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ማድረግ ነው። የነዚያ ሰዎች ቀጠሮ ግን መቼ ነበር? ቅዳሜ አሥር ሰዓት፣ አብዛኛው ባንክ ዘግቶ በሄደበት! ይህ ያጋጣሚ ነገር እንዳይመስላችሁ። እውነተኛ ገዢ ባንክ ቤት እንገናኝ ስለተባለ አይቀየምም፤ እንዲያውም እሱም ዕቃውን ሳያገኝ ብር እንዳይልክ ይጠበቃል። ባንክ ሲባል ስልኩን የሚዘጋ ካለ ይዝጋ፣ ምን አጎደላችሁ? ደግሞስ በዚህ አገር፣ በዚህ ኑሮ፣ በ165 ሺህ ብር ዕቃ ላይ የማይከራከር ገዢ ከየት ነው የሚመጣው? እኔ በአሥር ብር ቲማቲም ላይ ግማሽ ሰዓት ነው የምከራከረው!

አሁን ደግሞ «ብሩ ሒሳቤ ላይ ከታየ በቃ፣ ዳንኩ» የምትሉ ካላችሁ፣ ከሐዋሳ የጻፈልኝን የአንድ አባወራ ጉዳይ ስሙ። ይህ ሰው ብዙም ያልሠራበትን ላፕቶፕ በ95 ሺህ ብር ለሽያጭ አወጣ። ገዢው ደወለ፣ ተስማሙ። ብሩ በእርግጥ ሒሳቡ ውስጥ ገባ። አፑን ከፍቶ አየ፣ ቆጠረ፣ ምንም ጉድለት የለም። ገዢው ራሱ አልመጣም፤ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ባለሞተር ላከና ላፕቶፑ ሄደ። በአራተኛው ቀን ሰውየው ብር ሊያወጣ ሲሞክር ሒሳቡ ታግዷል! ምንድን ነው ቢል፣ አዳማ ያለች አንዲት ሴት «95 ሺህ ብር ተጭበረበርኩ» ብላ ከሳዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጭበርባሪው በአንድ በኩል የሌለውን ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን በርካሽ እሸጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። በሌላ በኩል የዚህን አባወራ ላፕቶፕ እገዛለሁ ይላል። ሴትዮዋ ለፍሪጁ «በዚህ አካውንት ላኪ» ስትባል የተሰጣት ቁጥር የማን ነው? የላፕቶፑ ባለቤት! እሷ ለፍሪጅ የከፈለች ይመስላታል፣ እሱ ለላፕቶፕ የተከፈለው ይመስለዋል፤ ላፕቶፑን ይዞ የሚሰወረው ግን መሀል ላይ ያለው ነው። ሁለት ንጹሐን ሰዎች ፖሊስ ጣቢያ እየተያዩ ይቀራሉ። ባለሞተሩንም አትርገሙት፤ ከዚያ ወስደህ እዚያ አድርስ የተባለ ምስኪን ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለም ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ብሩ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ ከማን እንደገባ እዩ። ፊታችሁ የቆመው ሰው አቶ እገሌ ከሆነ፣ ብሩ ከወይዘሮ እገሊት ስም ለምን መጣ? «የእህቴ አካውንት ነው» ካለ እህትየዋን በስልክ አገናኙን በሉ። የላከችው ለምን ዕቃ እንደሆነ እናንተ ሳትነግሯት እሷ ትንገራችሁ። ፍሪጅ ካለች ነገሩ ያን ጊዜ ይፈነዳል። መታወቂያውን አይታችሁ ፎቶ አንሱ፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የዕቃው ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ ዋጋና ቀን ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙ። የሐዋሳው ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ «ብሬን መልስ» እያለ በስልክ ለሚጮህብህ ለማንም ቢሆን በራስህ እጅ እንዳትልክ። ከገዢው ጋር የተጻጻፍከውን ይዘህ በባንኩና በፖሊስ በኩል ጨርስ። አለዚያ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ።

ይህ በሽታ በኛ አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ ያጫወተኝ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ያገለገለች ቶዮታውን በፌስቡክ አውጥቶ በ9,500 ዶላር ሸጣት። ገዢው የሰጠው የባንክ ቼክ ነው፤ ባንክ ራሱ የሚያወጣው፣ ካሺየርስ ቼክ የሚሉት። ሒሳቡ ውስጥ አስገባው፤ በማግሥቱ ገንዘቡ ታየ፣ ማውጣትም ይቻላል ተባለ። ቁልፉንና የመኪናዋን ወረቀት አስረከበ። ከአሥር ቀን በኋላ ቼኩ የውሸት ሆኖ ተገኘና ባንኩ 9,500 ዶላሩን ከሱ ሒሳብ መልሶ ወሰደ። እዚያ አገር ባንኮች የቼክን ገንዘብ ቶሎ ለደንበኛው እንዲለቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቼኩ እውነተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሀል የሚታየው ብር ያልጸና ብር ነው። እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ ቼክ ከሆነ ገዢውን ይዛችሁ ቼኩን ወዳወጣው ባንክ ሂዱና እዚያው መስኮቱ ላይ ይመንዘር። በዜል ላክሁ ካሏችሁም ኢሜይሉን ተዉት፤ የባንካችሁን ሒሳብ እዩ። «ገንዘቡ እንዲለቀቅ መጀመሪያ 300 ዶላር መልሰህ ላክ» የሚል ኢሜይል ከመጣ በቀጥታ ሌባ ነው።

አዲስ አበባም ላይ በሲፒኦ የምትሸጡ ይህን ልብ በሉ። ሲፒኦ ታማኝ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሊታተም ይችላል። ያወጣው ቅርንጫፍ ድረስ በአካል ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ የመኪና ቁልፍ አትስጡ። ለማረጋገጥም ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ፤ የሚያነሳው የነሱ ሰው ሊሆን ይችላል። ተራ ቼክ ከሆነማ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ተደንግጓል። ቢሆንም ሰውየውን ማሳሰር ሌላ፣ ገንዘብን ማግኘት ሌላ ነው።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር። «በስህተት 30 ሺህ ብር አብልጬ ልኬልሃለሁ፣ ትርፉን መልስልኝ» የሚል ገዢ ካጋጠማችሁ፣ ያው የውሸት መልእክት ነው፤ የሚመለሰው ብር ግን የእናንተ እውነተኛ ብር ነው። «ክፍያው እንዲያልፍ ስልክህ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገረኝ» የሚል ካለ ደግሞ የሚከፈተው የናንተ ሒሳብ ነው። ብር ለመቀበል የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም። የአካውንት ቁጥርና ስም ይበቃል።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፣ እህቴ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ብለሻል። ወንጀሉ የነሱ ነው። ሰውን አታሎ ንብረት መውሰድ በዚያው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማጭበርበርና ሐሰተኛ ማስረጃ ማዘጋጀትም በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ያንቺ ስህተት ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ መክተትሽ ብቻ ነው፤ እሱም የአስተዳደግሽ ጨዋነት ነው ያመጣብሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ግን ዛሬውኑ ተነሺ። ቴሌግራም ላይ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አንሺ፤ እነሱ ከነሱ በኩል ሲያጠፉት ካንቺም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። ያን የውሸት መልእክት በንዴት እንዳታጠፊው፣ የላከው ቁጥር እዚያ ላይ ነው። ካፌው ካሜራ ካለው ምስሉ ሌላ ሳይቀዳበት ፖሊስ እንዲጠይቅልሽ አድርጊ። ካሜራሽ የት እንደሚሸጥ ደግሞ ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ለሙያ ጓደኞችሽ ሁሉ ንገሪ። ብቻሽን ግን ሌባ ልይዝ ብለሽ ቀጠሮ እንዳትሄጂ።

እናትሽን ንገሪያት። ዛሬ ማታ ንገሪያት። እሷ የሌለን 160 ሺህ ብር ይዛ የሕክምና ቀጠሮ እየቆጠረች ነው፤ አንቺ ደግሞ ለመደበቅ ስትዪ በወለድ ልትበደሪ ትችያለሽ፣ ያ ከካሜራው የባሰ ነው። ትቆጣሻለች፣ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ማን ዘመድ ይጠየቅ፣ የትኛው ዕቁብ ይለመን ብላ የምታስበውም እሷ ናት። እናቶች እንዲህ ናቸው።

የካሜራው ካርቶን ቤት አለ አይደል? መለያ ቁጥሩ እላዩ ላይ ታትሟል። ካርቶኑን ጥለሽው ከሆነም አትደንግጪ፤ ብዙ ካሜራዎች ባነሱት ፎቶ ፋይል ውስጥ ቁጥራቸውን ያስቀምጣሉ። ከኮምፒውተርሽ አንድ የድሮ ሠርግ ፎቶ ክፈቺና ፈልጊው፤ ቁጥሩን ጽፈሽ ሰኞ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዘሽ ሂጂ። የደረስሽበትን ደግሞ ጻፊልኝ።